«የግል ሥራ» ነው ያላችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቀድሞዋ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ስለ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያሳየችኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ ያንቺ ሰው ወጥታለች» አለችኝ። አቦሉ ላይ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቶናው ሳይደርስ ደሜ ፈላ።

«በ2011 ዓ.ም. ወደ ሕዝብ አገልግሎት ከመምጣታቸው በፊት በግል ሥራ ላይ ነበሩ» ትላላችሁ። እኔና አዲስ አበባ ዳር ያለው የካራ ሰፈር ጎረቤቶቼ የነበርነው እኮ እዚያ «በፊት» ውስጥ ነው። በአንድ መስመር ጠርጋችሁ አወጣችሁን።

ካራ ውስጥ የግል ሥራ የምንለው ወፍጮ ቤት ነው፣ ሱቅ ነው፣ ብሎኬት ማምረቻ ነው። ወይዘሮ መዓዛና ባልደረቦቻቸው በ1987 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እንደዚያ ከነበረ፣ እኔ ሒሳብ ሳልከፍል የወጣሁ ደንበኛ ነኝ። ዕዳዬን አስልታችሁ ላኩልኝ።

1994 ላይ ነው። የያኔው ባለቤቴ ቤታችንን በደላላ አስማምቶ ቀብድ በልቷል። የሰማሁት ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነው። ልጄን አዝዬ መሃል ከተማ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ወረድኩ። አግዳሚው ላይ ከእኔ በፊት ሰባት ሴቶች ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ጠበቃ ናት ብትባሉ የማታምኗት፣ «ካርታው በማን ስም ነው?» አለችኝ። «በእሱ» አልኳት፣ አንገቴን ደፍቼ። «ይሁና!» ብላ የቤተሰብ ሕጉን ገለጠች። የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም ንብረቱ የጋራ ነው። የጋራ ቤት ደግሞ ሁለቱም ካልተስማሙ አይሸጥም። አንቀጽ 68። ቁጥሩን ከልደቴ ቀን አብልጬ አውቀዋለሁ፤ ልደቴንማ እናቴ «የፍልሰታ ሰሞን ነው» ብላ ነው ያለፈችው።

አቤቱታዬን ጽፋ ስትጨርስ «ስንት ልክፈል?» አልኳት። «የታክሲ አለሽ?» ብላ መለሰችልኝ። ቤቱ አልተሸጠም። ይህን የምጽፈው እዚያው ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው።

ጠላፊዋን ስለገደለችው የ14 ዓመት ልጅ አንድ አንቀጽ ሰጥታችኋል። ደግ አደረጋችሁ። ማኅበሩ ቆሞላት ነፃ ወጥታለች። ያም «የግል ሥራ» ነበር? እኛ አግዳሚው ላይ የተደረደርነው ግን ፊልም የሚሠራበት ታሪክ አልነበረንም። የአንዷ የልጅ ቀለብ ነው፤ የሌላዋ የተቆለፈባት በር።

እሺ፣ የሕዝብ አገልግሎት ማለት የመንግሥት ደመወዝ ነው እንበል። እንደዚያም ቢሆን ተሳስታችኋል። ሴትዮዋ ማኅበሩ ሳይመሠረት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ የሕገ መንግሥት ኮሚሽኑም የሕግ አማካሪ ነበሩ። ደግሞስ መንግሥት ራሱ በደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዘዘው ለሕዝብ ብሎ አይደለም? (ይህን የነገረችኝ ያን ቀን ያዘልኳት ልጅ ናት። አሁን መዝገብ ቤት ትሠራለች።)

ስለ 2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅማ ትንፍሽ አላላችሁም። በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲባል ነፃ ጠበቃ ተመናመነ። ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሰው ላይሰማው ይችላል። ሁለት ታክሲ ይዛ ለምትመጣዋ ግን ከደጅ መመለስ ነው። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው፤ የእናንተ ታሪክ በሚጀምርበት ዓመት!

ጽሑፋችሁ ውስጥ ሦስት ሰው አናግራችኋል፤ ሦስቱም ቢሮ ያላቸው። ከመገናኛ ካራ ታክሲ አለ እኮ።

እርማት አውጡ። «የግል ሥራ» የሚለውን ሰርዛችሁ የማኅበሩን ስም በሙሉ ጻፉ። ጋዜጠኛው አቤቱታውን ማየት ከፈለገ ከካርታው ጋር በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጨዋለሁ። ብቻ ማክሰኞና ዓርብ አይምጣ፤ ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ነው።

አንዲት የካራ ነዋሪ