ለልጄ፦ ስለ ትራክተሩና ስለዚያ ጎማ

ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ቪዲዮ ላከልኝ። «አባዬ፣ እያት እንዴት እንደምትነዳ» ብሎ በኩራት ነው የላከው፤ እሱን እንዳትቆጪው። አንዴ አየሁትና ደስ አለኝ። ደግሜ ሳየው 14ኛው ሰከንድ ላይ አቆምኩት። ጠጠር የሞላውን የትራክተሩን የፊት አካፋ ከራስሽ በላይ ሰቅለሽ፣ ቁልቁለቱ መሀል ወደ ጎን ስትዞሪ፣ በዳገቱ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነስቷል። ብዙ አይደለም፤ ግን ከሥሩ ብርሃን ይታያል። አንቺ አላወቅሽም። ፊትሽን ወደ ስልኩ አዙረሽ ትስቂያለሽ። እኔ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማለቴ በፊት ይሄን ስሚኝ፦ ተዳፋት ላይ ወደ ጎን አትንጂ። ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ቀጥ ብለሽ ሂጂ። መዞር ካለብሽ ሜዳው ላይ ደርሰሽ ዙሪ። አካፋው ሲጭን ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል፤ ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ ይዙር፤ ማለትም ሽቅብ ወደ ፊት ትሄጃለሽ፣ ቁልቁል ግን በኋላ ማርሽ ትወርጃለሽ። ከኋላም ክብደት ሳይኖር በሎደሩ፣ በፊት አካፋው ማለቴ ነው፣ እንዳትጭኚ። ፊት ሲከብድ ኋላ ይቀላል፣ ፍሬኑ ደግሞ ያለው የኋላ ጎማዎቹ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ባለፈው «ለጠጠር መንገዱ ማስተካከያ ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰር የቱን ዕቃ ልግዛ፣ መንገዱ በየዝናቡ ይታጠብብኛል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ወንድምሽ ሬኩን፣ ያንን ትልቅ የብረት ማበጠሪያ፣ ግዢ ብሎሻል አሉ። እሱ ሜዳ ላይ ነው የሚኖረው። ሬክ የተበተነ ጠጠር ይሰበስባል፣ ላዩን አበጥሮ ያሳምራል፤ ጉድጓድ ግን አያጠፋም። ዳገት ላይ ሲሆን እንዲያውም ተጠቅጥቆ የተያዘውን ላላ ያደርግና ለሚቀጥለው ዝናብ አዘጋጅቶ ያስቀምጥለታል።

አንድ ብቻ የምትገዢ ከሆነ ባለ ሳጥኑን ግዢ፤ ከፊቱ የብረት ጥርሶች፣ ከኋላው ምላጭ፣ በሁለቱ ጎን ግድግዳ ያለውን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዳገት ላይ ጠጠር ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፣ መልሶ የሚያወጣው የለም። ሳጥኑ ግን ከታች የተከመረውን አፍሶ ይዞ ሽቅብ ይጎትተዋል፣ እየሄደም ጉድጓዱ ውስጥ ይጥለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል፤ በትንሽ በትንሹ ካልወሰድሽ ጎማው ይሽከረከርና ሌላ ጉድጓድ ትቆፍሪያለሽ።

ጉድጓዱን ግን ጠጠር ደፍተሽ እንዳትሞዪው። ይሄን ስህተት እኔ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። ዙሪያው ጠንካራ ሆኖ መሀሉ ላላ ከሆነ ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ጎማ በመታው ቁጥር ጠጠሩ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት ጉድጓዱ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ጥርሶቹን አውርደሽ መንገዱን እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ቧጥጪው፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ደልድለሽ ጠቅጥቂው። እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበውንም ቦታ እንደዚሁ፤ ላይ ላዩን ብትላጪው ተመልሶ ይወጣል።

ሳጥኑ ለጀማሪ ያስቸግራል፣ ይሄን አልደብቅሽም። ትራክተሩ አፍንጫውን ባነሳ ቁጥር ምላጩ ይቆፍራል፣ ባጎነበሰ ቁጥር ይነሳል፤ ዞር ስትዪ መንገዱ ማዕበል ሆኗል። መፍትሔው ሳጥኑን ከትራክተሩ ጋር ከሚያገናኙት ሦስት ማያያዣዎች የላይኛው፣ በብሎን የሚረዝመውና የሚያጥረው ክንድ ነው። ስታሳጥሪው ሳጥኑ ወደ ፊት ያጎነብስና ጥርሱ ይነክሳል። ስታረዝሚው ወደ ኋላ ያዘነብልና ማስተካከል ብቻ ይሆናል ሥራው። አንድ ዙር ብቻ አዙረሽ ሞክሪ፤ አንድ ዙር ብዙ ነው። በረጃጅም የጎን ብረቶች ላይ የሚንሸራተት ባለ ሁለት ምላጭ ማስተካከያም አለ። እሱ እብጠቱን እየላጨ ጎድጓዳውን ራሱ ይሞላል፣ ማዕበል አይሠራም፤ ለየወሩ ጥገና ከሳጥኑ ይሻላል። ግን ጠጠር ተሸክሞ ዳገት አይወጣም። ሁለተኛ ሲገዛ እሱ ይሁን።

መንገዱ የሚታጠበው ግን ጠጠሩ ስላነሰ አይደለም፣ ውሃው መውጫ ስላጣ ነው። የመንገዱ መሀል ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ ማዘንበል አለበት፤ ከመሀል ወደ ዳር በ1 ሜትር 4 ሴንቲሜትር ያህል። ገመድ ወጥረሽ ለኪው፣ በዓይን አይታመንም። ቦዮቹን ጥረጊ። ጠጠሩንም ስታስመጪ የተፈጨ፣ ጥግ ጥግ ያለው፣ ዱቄቱ ያልተለየ ይሁን። እርስ በርሱ የሚነካከሰው እሱ ነው። ክብ የወንዝ ጠጠር ዳገት ላይ እንደ ብይ ይንከባለላል። ሥራውንም ዝናብ ካባራ በኋላ፣ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ጭቃ ሳይሆን ጀምሪ።

ወደ ጎን እንዳትነጂ ብያለሁ። ቦዩን ስትጠርጊ ያታልልሻል፤ አንድ ጎማ ቦይ ውስጥ፣ አንድ ጎማ መንገድ ላይ እንድታደርጊ ይጋብዝሻል። ያንን በእጅ አካፋና በዶማ ሥሪው፣ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም።

እናቴ፣ ለምን እንዲህ እንደምለፈልፍ ልንገርሽ።

15 ዓመት ሲሆንሽ ትራክተሩን አስተምረኝ ብለሽኝ እምቢ አልኩሽ። በዓመቱ ወንድምሽን አስተማርኩት፣ ያውም ካንቺ ያነሰውን። «ሴት ስለሆንኩ ነው» ብለሽ ስንት ጊዜ አላናገርሽኝም። እኔም አዎ እንዳልል ውሸት ነው፣ አይደለም እንዳልል ምክንያቱን ልትጠይቂኝ ነው፤ ዝም አልኩ። አክስትሽ ሠርግሽ ላይ ስታነሳው እንኳን ዝም አልኩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ 6 ዓመትሽ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዳችንን ቦርቡሮት አድሯል፣ እናትሽ ከመመለሷ በፊት ልጨርስ ብዬ ቸኩያለሁ። አንቺ ፓራፋንጎው ላይ ተቀምጠሽ የሸሚዜን አንገትጌ ይዘሻል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምትቀመጪው፤ ደስ ስለሚለኝ ከልክዬሽ አላውቅም። አካፋውን ሞልቼ ከሥሩ መንገዱን ለማየት ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ወደ ታች እስክደርስ መታገስ አቅቶኝ መሀል ላይ ዞርኩ። የታችኛው ጎማ ውሃ በቆፈረው ቦይ ገባ፣ የላይኛው ተነሳ። ትራክተሩ በአንድ ጎኑ ቆመ። አልወደቀም፣ አልተመለሰም፤ ዝም ብሎ ቆመ። አንገትጌዬ ሲጠብቅ ተሰማኝ። እጄ ማንሻውን ወደ ማውረጃው ገፋና አካፋው መሬቱን መታ፣ ጎማው ተመለሰ።

አንቺ ሳቅሽ። «አባዬ ድገመው» አልሽኝ።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራክተሩ አጠገብ ስትቆሚ ሆዴ ይረበሽ ነበር፤ ስለዚህ አራቅኩሽ። ማስተማር ሲገባኝ አራቅኩሽና አንቺ በገዛ ራስሽ ተማርሽው፣ ስህተቱንም ጭምር። ቪዲዮው ላይ ያየሁት የኔኑ ነው፦ ከፍ ያለ አካፋ፣ ቁልቁለት መሀል መዞር።

በይ አሁን ሥራ። ከወንበሩ ጀርባ ያለው የብረት ቅስት ታጥፎ አየሁት፤ ነገ ጠዋት አቁሚውና ፒኑን አስገቢ። ሲገለበጥ የሚያድንሽ እሱ ነው፣ የሚያድንሽም ቀበቶ ካሰርሽ ብቻ ነው። ሁለቱን የፍሬን መርገጫዎች በማያያዣው አገናኚያቸው፤ ተለያይተው አንዱን ብቻ ብትረግጪ በአንድ ጎን ይጠመዝዝሻል። ቁልቁል ስትወርጂ አራቱንም ጎማ አስገቢ፣ ከባድ ማርሽ ያዢ፣ መሀል ላይ ፍሪሲዮን እንዳትረግጪ። የሚጎትት ነገር ካለ ከታችኛው መጎተቻ እንጂ ከላይ አትሰሪው፤ ወደ ኋላ ይገለብጥሻል።

የኋላ ጎማዎቹን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለክተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ። ሳጥኑ ከዚያ መጥበብ የለበትም፣ አለዚያ የራስሽ የጎማ መስመር ያስተካከልሽው ላይ ይቀራል። በጣም መስፋትም የለበትም፤ ሞልቶ ሽቅብ መጎተት ያቅተዋል። ሳንነጋገር እንዳትገዢ። እኔም በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ ጉልበቴን አትጠይቂኝ፣ ወንበር አውጥተሽልኝ ከሜዳው ላይ ሆኜ አይሻለሁ። እስከዚያ ወደ ጎን አትንጂ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ትንሹ ልጅሽ «እማዬ፣ እኔም ልውጣ» ሲል ይሰማል። አንቺ «ቆይ» አልሽው። ቆይ አትበይው። አይሆንም በይው።

አባትሽ