ስለዚያች አንዲት ቃል

እማዬ፣

ለስኮላርሺፑ የጻፍሽው ድርሰት ደርሶኛል። ማታ ከሥራ ገብቼ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፍሽ ጎልብቷል። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበትን ቦታ ምልክት አድርጌ መልሼ ልኬልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ አንዲት ቃል ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የአባቴ ርቆ መኖር «ኤነርቬት» (enervate) አድርጎኛል ብለሽ በእንግሊዝኛ ጽፈሻል። ከላይና ከታች ያለውን ሳየው፣ አበርትቶኛል፣ ጉልበት ሆኖኛል ለማለት የፈለግሽ ይመስለኛል። ድምፁ «ኤነርጂ»ን ስለሚያስታውስ ብዙ ሰው እንደዚያ ይወስደዋል። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ ይሳሳቱበታል። ትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው። አዛለ፣ አልፈሰፈሰ፣ አቅም አሳጣ ማለት ነው።

ደሴ ሳስተምር ቃልን ከሥሩ ካልያዝሽው ያመልጥሻል እል ነበር፤ ታስታውሺ ይሆናል። የዚህኛው ሥር ላቲን ነው። «ነርቩስ» በላቲን ጅማት ነው። ከፊቱ የገባችው «ኤ» ማውጣትን ታመለክታለች። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ጅማቱን አወጣ ማለት ነበር። የጥንት ሰዎች የሰው ኃይል ያለው ጅማቱ ውስጥ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ነርቨስ» የሚለውን ሲፈታ ያስቀደመው ብርቱ፣ ጠንካራ የሚለውን ነው። ዛሬ ግን ነርቨስ የምንለው የተጨነቀና የፈራ ሰው ነው። ቃል እንዲህ ይዞራል።

ፈረንሳዮች ደግሞ አንድ አፈ ታሪክ አላቸው። በንጉሥ ዳግማዊ ክሎቪስ ላይ ሁለት ልጆቹ አመፁ ይላል። ቅጣታቸው የእግራቸው ጅማት መቆረጥ ሆነ። ከዚያ ቀዛፊ በሌለው ጀልባ በሴን ወንዝ ላይ ተለቀቁ፤ ውኃው ወስዶ ዡሚዬዥ ገዳም አደረሳቸው። ንጉሡ በሃያዎቹ ዕድሜው ስለሞተ ለዐመፅ የደረሱ ልጆች ሊኖሩት አይችልም፤ ታሪኩ ተረት ነው። ግን ኤቫሪስት ሉሚኔ የሚባል ሠዓሊ በ1880 ሥሎታል፣ ሥዕሉም ሩዋን ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሁለቱ ወጣቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ፊታቸው ገርጥቷል፣ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። የሥዕሉ ስም ውስጥ ያለችው ያችው ቃል ናት። እኔ ቃሏን የያዝኳት ከዚህ ሥዕል ነው፤ አንቺም አንድ ጊዜ ፈልገሽ እዪው።

አጠቃቀሟም ከዚሁ ይወጣል። ስለ ሰው፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ መንፈስ፣ አንዳንዴም ስለ አገርና ስለ ጽሑፍ ይባላል። ድልድይ ሲላላ ወይም ቡና ሲቀጥን አይባልም። ረጅም ሙቀት፣ ረጅም ሕመም፣ የበዛ ድሎት እንዲህ ያደርጋል ይባላል። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ዛለ» ይቀርበኛል። ነገሩ የመንፈስ ሲሆን ደግሞ «ወኔው ተሰለበ» እንላለን። እኛም ከአካል ተቆርጦ በሚወጣ ነገር ነው የገለጽነው። ይህን ሳስተውል በጣም ደስ አለኝ።

እዚህ ዱባይ ቃሏን በሰውነቴ አውቃታለሁ። በበጋ፣ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ ስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። ከዘጠኝ በኋላ ያለው ግን አይቀርም። ማታ ገብቼ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ። አላመመኝም፣ ቁስልም የለብኝ። የጫማዬን ክር ለመፍታት ግን እጄ አይታዘዘኝም። ኤነርቬት ማለት ይህ ነው።

አበርትቶኛል ማለት ከፈለግሽ «ስትሬንግዘን» በይ። ተራ ቃል ናት፣ ግን የምትይውን ትላለች። ድርሰቱን የሚያነቡት ሰዎች ቃሏን ካወቋት፣ ያልሽውን በግልባጩ ነው የሚረዱት።

ይህን ጽፌ ልልክልሽ ስል ቆም አልኩ። ቃሏ ተሳስታ ባትገባስ? እኔ ስሄድ ስምንተኛ ክፍል ነበርሽ። ያን ክረምት ደብተር እንዳልነካሽ፣ ከቤት መውጣት እንዳስጠላሽ እናትሽ የነገረችኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንቺ በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ አባቢ» ነበር የምትይኝ። እኔም አመንኩሽ፣ ማመን ስለፈለግኩ።

እሑድ ዕረፍት ነኝ። ቃሏን ከመቀየርሽ በፊት ደውዪልኝና የትኛውን ማለትሽ እንደነበር ንገሪኝ።

አባትሽ