ስለ ማርቲን ሕግና ስለ ቀሪው የተጎጂዎች ጥያቄ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2017 በማንችስተር አሬና በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከተገደሉት 22 ሰዎች የአንዱ፣ የማርቲን ሄት እናት ወይዘሮ ፊገን መሪ፣ ለዓመታት የባለሥልጣናትን በር ሲያንኳኩ ከቆዩ በኋላ በ2024 ከማንችስተር ለንደን እስካለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ዳውኒንግ ስትሪት፣ በእግራቸው ተጉዘው አቤት ማለታቸውን ታስታውሳላችሁ። በልጃቸው ስም የሚጠራው ሕግ ኤፕሪል 3 ቀን 2025 ጸድቋል። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል 200 ሰውና ከዚያ በላይ የሚሰበሰብባቸው አዳራሾች ጥቃት ቢደርስ ሰው በየት እንደሚወጣ፣ የትኛው በር እንደሚቆለፍና ማን እንደሚያሳውቅ አስቀድመው እንዲወስኑ ያስገድዳል፤ ከ800 ጀምሮ ግዴታው ይከብዳል። የእኛ አዳራሽ የኋላ በር፣ እንደምታውቁት፣ ዛሬም በወንበር ክምር እንደተዘጋ ነው።

የተጎጂዎች ድጋፍ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። የካሣ ማመልከቻ በመደበኛው አሠራር በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በሐዘን ላይ ላለ፣ ይልቁንም እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው፣ ይህ ጊዜ አጭር ነው ብለን እናምናለን። ስለሆነም ጊዜው እንዲራዘምና የአስተርጓሚ እርዳታ እንዲሟላ እያንዳንዳችሁ ለፓርላማ ተወካያችሁ በራሳችሁ ቃል እንድትጽፉ እንጠይቃለን። ተወካዮች የሚመልሱት ለምርጫ ክልላቸው ነዋሪ ስለሆነ የቤት አድራሻችሁንና ፖስት ኮዳችሁን መጻፍ አትርሱ።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው