ለልጄ፣ ስለ ጦር መጥረቢያ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ለጌሙ የሣልከውን ተዋጊ አየሁት። ፊቱና አቋሙ አንደኛ ነው። መጥረቢያው ግን አልተዋጠልኝም። የበር ያህል ሰፍቶ፣ ውፍረቱም ለጉድ! ያንን ይዞ አንዴ ቢሰነዝር ሁለተኛውን ሳይደግም ያልቅለታል። ዕድሜዬን ብረት ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

እንጨት የሚፈልጥ መጥረቢያና የጦር መጥረቢያ ለየቅል ናቸው። ግንድ አይሸሽም፣ መልሶም አይመታም። ስለዚህ መፍለጫው ወፍራም ሽብልቅ ቢሆን ችግር የለውም። የጦሩ ግን ፈጥኖ መሄድ አለበት፣ ከሳተም ፈጥኖ መመለስ አለበት። በቫይኪንጎች፣ ማለትም በሰሜን አውሮፓ የባሕር ተዋጊዎች ዘመን የነበረው ሰፊው የዴን (የዴንማርክ ሰዎች) መጥረቢያ በሥዕል ሲታይ ያስፈራል። ከስለቱ ኋላ ያለው ብረት ግን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. በሄስቲንግስ ጦርነት የእንግሊዙ ንጉሥ የሃሮልድ ሰዎች በሁለት እጅ ይዘው የተዋጉት በዚህ ነው። ጦርነቱን በጥልፍ የሚያሳየውን የባዩን ጨርቅ ፈልገህ እይ፤ ረጅም ዛቢያ ይዘው ታገኛቸዋለህ። ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ጋሻ መያዝ አይመችም፤ ዋጋው ይሄ ነው። አንተም ሰፋ አድርገህ መሣል ትችላለህ፣ ብቻ አቅጥነው።

ስፋቱንና ክብደቱን እንተወው። እኔን የሚገርመኝ ራሱና ዛቢያው የሚገናኙበት ቦታ ነው። የመጥረቢያ ጣጣ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። በውጊያ መሃል ራሱ ተነቅሎ ከበረረ በእጅህ የቀረው ዱላ ነው።

መጀመሪያ ሰው ያስር ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትዚ የሚባለው ሰው መጥረቢያው ከነዛቢያው ተገኝቷል። ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ምላጩ 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ንጹሕ ሊባል የሚችል መዳብ ነው። ዛቢያው ከራሱ የታጠፈ ቅርንጫፍ ያለው እንጨት ነው። የቅርንጫፉን ጫፍ ሰንጥቀው ምላጩን ሰክተውበታል፣ ከዛፍ ልጣጭ በእሳት በወጣ ጥቁር ሙጫ አጣብቀውታል፣ በላዩ በጠፍር ጠምጥመውታል። ሙጫም ጠፍርም! ሰውዬው ቀልድ አያውቅም ነበር።

በሰሜን አውሮፓ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2800 ገደማ ድንጋዩን ራሱን መብሳት የተለመደ ነበር። በምን ይበሱታል ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ውስጡ ክፍት የሆነ አጥንት ወይም እንጨት ያቆማሉ፣ ከሥሩ አሸዋና ውኃ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ማሽከርከር ነው። ድንጋዩን የሚበላው አጥንቱ ሳይሆን አሸዋው ነው። መሃሉ ላይ ያልተነካ ክብ ድንጋይ ይቀራል፤ ቀዳዳው ሲያልፍ ተፈልቅቆ ይወድቃል። ያ ቁራጭም፣ ግማሽ ድረስ ተበስተው የተተዉ መጥረቢያዎችም በቁፋሮ ተገኝተዋል። ችግሩ ግን ድንጋይ ሲበሳ ይደክማል። ብዙዎቹ የተሰበሩት ልክ ቀዳዳው ላይ ነው።

ነሐስ ሲመጣ ነገሩ ቀለለ። መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ማዕድን) ሲጨመርበት ደግሞ ቶሎ ይቀልጣል፣ የበለጠም ይጠነክራል። ቀዳዳ ካስፈለገህ ቅርጹ ውስጥ የሸክላ እምብርት ታቆምና ዙሪያውን ታፈስሳለህ። የሜሶፖታሚያ (የዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ) ሰዎች ይህን ቀድመው አውቀውት ነበር፤ በኡር ከተማ የነገሥታት መቃብር ባለ ቀዳዳ መጥረቢያዎች ወጥተዋል። ግብፆች ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ማሰሩን አልተዉም።

ብረት ሌላ ጉድ ነው። በጥንቱ ምድጃ፣ በከሰልና በወናፍ፣ ብረት ውኃ ሆኖ አይወርድም። ለዚያ 1538 ዲግሪ ያስፈልጋል። የሚወጣው በቆሻሻ የተሞላ ባለ ቀዳዳ ጓል ነው። ትኩሱን መስፍ ላይ አስቀምጠህ ስትመታው ቆሻሻው እየተረጨ ይወጣል፤ ፊትህን ዞር አድርግ! አግሎ መምታት፣ አጥፎ መምታት፣ እንደገና ማጋል። ሲጠራ አንጥረኛው ዘንጉን መሃል ላይ አቅጥኖ በሌላ ብረት ላይ ይጠመዝመዋል፤ ቀዳዳው የሚወጣው በዚህ ነው። ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው ሲጋጠሙ በመሃላቸው ቀጭን አረብ ብረት ይገባል። ስለቱ የሚሳለው ከእሱ ነው። አረብ ብረት ውድ ስለነበር ከስለቱ ውጪ ማባከን የለም።

ከዚያ አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር ይመጣል። ስለቱ ይጠነክራል፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ መልሰህ ቀስ ብለህ ታሞቀዋለህ። ወልውለኸው ከሆነ ቀለም ሲሮጥበት ታያለህ፦ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ። ለመጥረቢያ ቡናማው ወደ ሐምራዊ ሲያደላ ነው የሚቆመው። ትንሽ ከዘገየህ ስለቱ ይለሰልሳል፣ ሥራውን ከእንደገና ትጀምራለህ።

በመካከለኛውና በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል የሠሩት ግን ነገሩን ገልብጠው ነው። ብረቱ አይበሳም፤ የሚበሳው እንጨቱ ነው። የዛቢያው ጫፍ ወፍራም ጉጥ ይሆናል። የምላጩ ሹል ጭራ ግሎ እንጨቱን እያቃጠለ በጉጡ ውስጥ ይገባል። ምስማር የለ፣ ጠፍር የለ። በመታህ ቁጥር ምላጩ ወደ ኋላ ይገፋና ይበልጥ ይጠብቃል። እውነቱን ልንገርህ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መላ ይሄ ነው።

ለመዋጊያ ያልተሠሩም አሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. በቻይና በአንያንግ ከተከፈተው የጥንቷ ንግሥት የፉ ሃዎ መቃብር 9 ኪሎ የሚመዝን የነሐስ መጥረቢያ ወጥቷል። እሷ ጦር የመራች ሴት ናት፤ መጥረቢያው ግን የሥልጣን ምልክት ነው። በዴንማርክ፣ ማመን በሚባል ቦታ የተገኘው በብር ክር ያጌጠ መጥረቢያም የባለቤቱን ክብር የሚያሳይ ነው። በኮንጎ ሶንጌ የሚባሉት ሕዝቦች ደግሞ ዛቢያውን በስስ የመዳብ ልባጥ ይሸፍኑት፣ ምላጩን ፈልፍለው በመሃሉ ትንንሽ የሰው ፊቶች ይቀርጹበት ነበር። እነዚያን ፊቶች አጉልተህ ተመልከታቸው፤ በመዶሻ የወጡ ናቸው።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ሳትበላ አትደር።

አባትህ