እጅሽን ታጠቢ

ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ፎቶሽን አሳየኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ጣቶችሽን አየሁ። ጥቁር ናቸው። አጠገብሽ ደግሞ የተገመጠ ዳቦ አለ፤ እዚያው የሥራ ጠረጴዛሽ ላይ፣ ከእርሳሱ ቁርጥራጭ ጋር። እርሳስ ስልሽ መጻፊያውን አይደለም፤ የባለቀለም መስኮቶችሽን መስታወቶች የሚያያይዘውን ብረት ነው። እጅሽን ታጠቢ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ አትብዪ።

ቆሻሻ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሰውነት እርሳስን ካልሲየም ይመስለውና አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ለዓመታት። የድሮ መስኮት ስትፈቺ እርሳሱ ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ በደረቅ ብሩሽ እንዳትነኪው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ማስክሽንም አድርጊ። የሥራ ልብስሽን ለብቻው እጠቢ። ደምሽን አስመርምሪ፤ ለሐኪሙ ከእርሳስ ጋር እንደምትሠሪ አንቺው ንገሪው።

ስለ ቀለሙ የጻፍሽልኝን ግን ሦስቴ አነበብኩት። ሲመሽ ቀዩ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ይቆያል ያልሽው። ልክ ነሽ። መስታወቱ አይደለም የሚለወጠው፣ ዓይናችን ነው። ብርሃን ሲያንስ ለቀይ ይደክማል፣ ለሰማያዊ ይነቃል። ደግሞ የቀዩን መስታወት ስባሪ በጠርዙ በኩል እይው። ብዙ ጊዜ ቀዩ ስስ ቆዳ ብቻ ነው፣ የቀረው ነጭ፣ ማለት ቀለም የሌለው መስታወት ነው። በመዳብ የቀላው መስታወት እስከ ውስጡ ቀይ ቢሆን ብርሃን አያሳልፍም፣ ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ የጥንቶቹ ነጩን መስታወት ቀይ አለበሱት። ሰማያዊው ኮባልት ነው፤ እሱ ቁንጣሪ ይበቃዋል።

ፊት ግን በቀለም መስታወት አይሠራም። ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ የልብሱ እጥፋት የተሣለ ነው። የተፈጨ መስታወትና የብረት ዝገት ተለውሶ ይሣላል፣ ከዚያ ከ600 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ይጋገራል። በደንብ ካልተጋገረ ወይም ዘመን ከበላው ይረግፋል።

ይህን ማወቅ የነበረብኝ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

እናትሽ ታውቃለች፤ ለእናንተ አልነገርናችሁም። የአንድ ቤተ ክርስቲያን መስኮት እንዳጥብ ተቀጥሬ ነበር። አሠሪዬ "በውኃና በጥጥ፣ ቀስ እያልክ" ብሎኝ ሄደ። እኔ ቸኮልኩ። የሻማው ጥቀርሻ አልለቅ ሲለኝ የሽቦ ብሩሽ አነሳሁ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ የመልአኩ ቀይ ልብስ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ አረንጓዴው ክንፉም ወደቀ። ፊቱ ባለበት ቦታ ግን ባዶ ነጭ ብርሃን ብቻ። ቄሱ መጀመሪያ ወለሉን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱን፣ ከዚያ እኔን።

"እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት" አልኳቸው።

አመኑኝ። ጥፋቱማ የልጅ ጥፋት ነው። መዋሸቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ። በፈረንጆች 1939 ጦርነት ሲመጣ የፈረንሳዩን የሻርትር ካቴድራል መስኮቶች አውርደው ከቦምብ እንደደበቋቸው ባነበብኩ ቁጥር፣ ሰው ለመስታወት ያን ያህል ሲደክም፣ እኔ በአንድ ብሩሽ እላለሁ። ያ መስኮት ያለበትን መንገድ እስካሁን አልሄድኩበትም።

ስለዚህ ማንኛውንም መስኮት ከመንካትሽ በፊት ፎቶ አንሺው፣ ከውስጥም ከውጭም። ቀለሙ መላቀቁን ጥግ ላይ ሞክሪ። ካበላሸሽ ደግሞ ያኑ ቀን ተናገሪ። ቢያባርሩሽም ተናገሪ፤ ቤትሽ አለ።

ጓንት ሁለት ጥንድ ከወንድምሽ ጋር ልኬልሻለሁ። ከሰፋሽ ንገሪኝ፣ እቀይረዋለሁ። ጓንት አድርጌ ነበር ብለሽ ግን እንዳትዘናጊ፤ ካወለቅሽው በኋላም እጅሽን ታጠቢ።

አባትሽ