«ዝም ብላችሁ አንብቡ» ማለት አያስነብብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዝምታ ንባብ ሰዓት የያዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጎጃም ጥቂት አይደሉም። በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ይሰፍራል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣም ይታያል። ክፍሉ ውስጥ ግን መምህሩ የተቆለለ ደብተር ያርማል፣ ልጆቹ መጽሐፍ ገልጠው ደወል ይጠብቃሉ። ሰዓቱ ይሰረዝ አንልም። ነገር ግን መምህሩ በዚያ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ሥራ ካልያዘ ከእረፍት አይለይም፤ እንዲያውም እረፍቱ ይሻላል፣ ቢያንስ ልጆቹ ይሮጣሉ።

በ2000 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን ያወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጥናት ጉባኤም፣ ልጆችን ያለ በቂ ክትትል በግላቸው ማስነበብ የንባብ ቅልጥፍናቸውን ያሻሽላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ነበር። አይጠቅምም አላለም። የእኛ ልጆች ከየት እንደሚነሱ ደግሞ ይታወቃል፤ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የጀማሪዎች ንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ፣ ዛሬ በአንድ 4ኛ ክፍል ፊደል የሚለቅምና ታሪክ የሚያነብ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ሰጥቶ «አንብቡ» ማለት አንዱን ማሰልቸት፣ ሌላውን ማሳፈር ነው።

ስለዚህ ሥራው ልጆቹን ከመለየት ይጀምራል። ፊደልን ከነዘሩ ያልለየ ልጅ በልቡ ማንበብ አይችልም፤ ከጓደኛው ጋር ጣቱን በመስመሩ እያስኬደ በለሆሳስ ያንብብ። ለጎጃም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ልጁን በንባብ ደረጃዎቹ፣ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ የሚያሻግረው ድምፁን እያሰማ ነው፤ የኔታ ስሕተቱን የሚያርሙትም ስለሚሰሙት ነው። 3ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እያነበበ ከንፈሩ ቢንቀሳቀስ አይቆጡት፤ ሲቀለጥፍ በራሱ ይተወዋል።

መማሪያ መጽሐፉ ለዚህ ሰዓት አይሆንም። ክፍሉ በኅብረት እየጮኸ ያነበበውን ምንባብ ልጆቹ ሸምድደውታልና መጽሐፉን ዘቅዝቀው ቢይዙትም ይወጡታል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ከምንባቡ መካከል አንድ ቃል በጣት ጠቁሞ «ይህ ምን ይላል?» ማለት። የሸመደደው ልጅ ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ በቃሉ እያለ ካልደረሰበት አያገኘውም።

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በ3ኛ ክፍል ከ5 ደቂቃ ተነሥቶ በየሳምንቱ 2 ደቂቃ እየጨመሩ 15 ላይ መቆም ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ አይመችም፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግር የሚመጡት ልጆች አንድ በአንድ በር ሲከፍቱ የሌላው ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ይሄዳል። የአርብ መጨረሻም አይሆንም። ከእረፍት መልስ ያለው ይሻላል። ቅጣትና የቀረ መምህር ማሟያ ማድረግማ ከነአካቴው ይቅር።

መጽሐፍን በተመለከተ፣ ለ60 ልጆች 60 መጽሐፍ አይበቃም፤ ቀድሞ የጨረሰው የሚቀይረው ያጣል። 90 ገደማ ያስፈልጋል። የብዙ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ በእርዳታ በመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተሞልቶ ሳለ የ3ኛ ክፍል ልጅ የሚያነበው አማርኛ አይገኝም። በአዊ በኩል በአዊኛ ለሚማር ልጅ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። መፍትሔው እጅ ላይ ነው። አንድ ኤፎር ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ስምንት ገጽ ይወጣዋል፤ ወገቡን ሦስት ቦታ በመርፌ ወግቶ በክር መስፋት፣ ከዚያ የላይኛውን እጥፋት በምላጭ መክፈት። የሚጻፈው ከተሰፋ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የጻፈ ሰው ገጹ ይዘበራረቅበታል። በየገጹ ከሦስት እስከ አራት መስመር፣ በቃልና በቃል መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት። ጽሑፉ የአካባቢው ተረት ወይም ልጆቹ ራሳቸው የሚነግሩን ይሁን፤ ጤፍ እንዴት እንደሚታረም፣ ቀፎ እንዴት እንደሚሰቀል ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በአዊኛም ፊደሉ ያው ስለሆነ እንዲሁ ይሠራል። መጻሕፍቱን እንደ ክብደታቸው በሦስት ካርቶን ለይቶ ቀለም መቀባት፣ ካርቶኖቹን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፤ ምስጡ በአንድ ክረምት ይጨርሳቸዋል።

ልጁ መጽሐፍ ሲመርጥ መካከሉን ገልጦ 30 ቃል ያህል ይሞክር፤ ላላወቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ። ሦስት ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ከብዶታል፣ ይቀይረው። በእንግሊዝኛ የሚሠራበት የአምስት ጣት ልማድ ለአማርኛ የላላ ይመስለናል፤ በእንግሊዝኛ ብዙ ቃል የሚፈጀው «አልመጣችላቸውም» እኮ በአማርኛ አንድ ቃል ነው።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ጉድለት እዚህ ጋ አለ። መጻሕፍቱ ሰዓቱ ሲያልቅ ይሰበሰባሉ፤ በሚቀጥለው ቀን ልጁ ያገኘውን አንሥቶ እንደገና ከገጽ 1 ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ መጀመሪያ ብቻ ያነበበ፣ አንድም ታሪክ ያልጨረሰ ልጅ ይኖራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት የወረቀት ቁራጭ ይሰጠው፤ ሲያቆም የገጹን ቁጥር ጽፎበት መጽሐፉ ውስጥ ይተወው። መጽሐፉም እስኪጨርሰው ድረስ የእሱ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መምህሩ ሥራ እንምጣ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ለአራት ልጆች ሦስት ሦስት ደቂቃ ይደርሳል፤ በሳምንት 12 ልጆች ማለት ነው። ክፍሉ 60 ከሆነና 12ቱ ደካሞች ከሆኑ፣ ከሳምንቱ 12 ቦታ ስድስቱ ለደካሞቹ፣ ስድስቱ ለቀሩት ይመደብ። ደካማው በየሁለት ሳምንቱ፣ ሌላው በየስምንት ሳምንቱ ይደርሰዋል። መምህሩ ልጁ አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ወደ ጠረጴዛው አይጥራው፤ የተጠራ ልጅ የሚፈተን ይመስለዋል። አምስት ስድስት መስመር በለሆሳስ ያስነብበው፣ «እስካሁን ምን ሆነ? ቀጥሎስ ምን ይመጣል?» ይበለው፣ የሰማውን በአንድ መስመር ይመዝግብ።

ስሕተቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሪን ሬ፣ ቡን ቢ የሚል ልጅ ወደ ፊደል ገበታ መመለስ አለበት። «ዶሮው ይበላል» የሚለውን በትክክል አንብቦ ዶሮው በላ ወይስ ተበላ ተብሎ ሲጠየቅ የሚደናገር ልጅ ግን ፊደል አልጎደለውም። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ የሚለየው ከዐውዱ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቦ እንዲመለስ ማልመድ እንጂ ፊደል ማስቆጠር አይጠቅመውም። ጮክ ብሎ ሲያነብ እንኳ የማይታየው ይህ ችግር በዝምታ ንባብ ጨርሶ ተደብቆ ይቀራል፤ ሦስቱ ደቂቃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሲያበቃ ሁለት ደቂቃ ለጎረቤት መንገር በቂ ነው። የመጽሐፍ ማጠቃለያ አስጽፎ ማርክ መስጠት ልጆቹ አጭሩን መጽሐፍ እንዲሻሙ ያደርጋል። በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ማስተማር የማይቻልበት ጊዜ ለዝምታ ንባብ ይሆናል፤ ሦስት ደቂቃው ግን አይሠራም፣ ማንም ማንንም አይሰማም።

ለጋዜጣችሁ ያለን ጥያቄ አንድ ነው። በየእትሙ ከ120 እስከ 150 ቃል ያለው አንድ የልጆች ታሪክ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጫጭር፣ ፊደሉ ከ16 ነጥብ ያላነሰ ሆኖ ብታትሙልን ቆርጠን ካርቶን ላይ እንለጥፈዋለን። በጀርባው ማስታወቂያ ይሁን፤ ሌላ ታሪክ ከታተመበት አንዱን ስንቆርጥ አንዱ ይበላሻል።

በጎጃም የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራን