የሥዕልና የተፈጥሮ ክበብ፦ ልጆቻችን የተራመዱበት ቅርጽ

የክበባችን ልጆች ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ያተኮሩት በአንድ ኩሬ ላይ ነው። ኩሬው እዚሁ ዳላስ፣ ፌር ፓርክ ውስጥ ይገኛል። ብዙዎቻችን በየዓመቱ እዚያ ለሚደረገው የቴክሳስ ትልቅ ትርዒት፣ ለስቴት ፌር፣ ስንሄድ በአጠገቡ አልፈናል። ውሃው ላይ የተጠማዘዘውን ሸክላ መልክ ያለው ቅርጽ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ወላጅ ግን አልገጠመኝም። አሁን ልጆቹን ጠይቋቸው።

የሠራችው ፓትሪሺያ ጆሃንሰን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ኒው ዮርክ የተወለደች ሠዓሊና ቀራፂ፣ በኋላም ሥነ ሕንፃ የተማረች። በ1981 የዳላስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበረው ሃሪ ፓርከር ሥራውን ሰጣት። ሙዚየሙ ያኔ እዚያው ፌር ፓርክ ውስጥ ነበር። ኩሬው ታሞ ነበር። ዙሪያውን ላለው ሣር የሚሰጠው ማዳበሪያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ታጥቦ ውሃው ውስጥ ይገባል። አልጌ ይፋፋል፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ዳሩም በማዕበሉ እየተሸረሸረ ይናዳል።

እኔን የማረከኝ አጀማመሯ ነው። መጀመሪያ ያጠናችው እንስሳቱ ምን እንደሚበሉ ነው። የአካባቢው የውሃ ዳር ተክሎች ተተከሉ፤ ዓሣ ተጨመረ። ለቅርጹም መነሻ ያደረገችው በቴክሳስ የሚበቅሉ ሁለት ተክሎችን ነው፦ ሳጂታሪያ የሚባል የውሃ ዳር ተክልና አንድ የፈርን ዓይነት። ሥራው በ1986 ተጠናቀቀ። የተጠላለፉት የቅርጹ ሥሮችና ግንዶች ማዕበሉን ሰብረው ዳሩን ከመናድ ያድናሉ። በመካከላቸው ያለው የረጋ ውሃ ለዓሣና ለኤሊ መጠለያ ነው። ራቅ ያሉት ቅጠሎች ወፎች የሚያርፉባቸው ደሴቶች ናቸው። ሰው ደግሞ በግንዱ ላይ እየተራመደ ውሃው መሃል ይገባል።

ለልጆች ትልቁ ነገር ይሄ የመጨረሻው ነው። ልጆቻችን አፓርታማ ውስጥ ያድጋሉ፤ ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ክፍል። የጥበብ ሥራ ሲያዩም «እንዳትነኩ» ይባላሉ። እዚህ ግን ካልተራመዱበት ሥራው አይታይም። በጎን በኩል የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር፤ እንስሳቱ ከመስታወት ጀርባ የቆሙበት። ጆሃንሰን ሕይወት ያለውን ውጭ፣ በልጅ እግር ሥር አደረገችው።

ቅርጹ መከለያ ስለሌለው ልጆቹን ከመውሰዳችን በፊት ወላጆች ፈርተው ነበር። ትክክል ናቸው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው ከሁለት ልጅ በላይ እንዳይዝ ተስማማን። ሮጦ የሄደ ልጅ አልነበረም። ሁሉም ሆዳቸው ላይ ተኝተው ውሃውን ሲያዩ ዋሉ። ኤሊ ሲያገኙ የተነሳው ጩኸት ግን ኤሊውን ሰወረው።

ክረምቱ ሲመጣ ወደ ክፍል ገባን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ተክል መርጦ «ይሄ ተክል ድልድይ ቢሆን በየት በኩል ትሄድበታለህ?» ለሚለው ጥያቄ በሥዕል መለሰ። የአንዷ የ8 ዓመት ልጅ ሥዕል አሁንም ግድግዳችን ላይ አለ። የእንሰት ቅጠል ነው፤ መሃል አጥንቱ መንገድ፣ የተሰነጣጠቀው ጠርዙ የዳክዬ ማደሪያ። ከዚያ በገመድ፣ በካርቶንና በሸክላ ጭቃ ትንንሽ ሞዴሎች ሠሩ። የሸክላው ሥራ ጊዜ አጥሮት በግማሽ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ የአንድ ተማሪ አያት ክፍላችን መጡ። ቄጤማ ከየት እንደሚመጣ ነገሯቸው። ልጆቹ ቄጤማን የሚያውቁት በዓል ሲሆን ወለል ላይ ተጎዝጉዞ ነው። እማማ ግን በልጅነታቸው ከጨፌ፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ያጭዱት ነበር። «እንቁራሪት ነበረ? ወፍስ?» የሚል ጥያቄ ዘነበባቸው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከልጆቹ አፍ የወጣው ኩሬው ላይ ስለዋሉ ነው ብዬ አምናለሁ። በመጽሐፍ ብቻ ብናስተምራቸው ቄጤማ ሣር ሆኖ ያልፍ ነበር። እኚህ እናት በመጪው ዓመትም እንዲመጡልን ለምነናቸዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ኩሬውን በየወቅቱ ማየት እንፈልጋለን፤ አንድ ጊዜ አይቶ መመለስ አይበቃም። በስቴት ፌር ሰሞን ግርግሩ ስለሚበዛ ከኅዳር በኋላ እንጀምራለን። መኪና ለሌላቸው ቤተሰቦች የዳርት (የዳላስ የሕዝብ ትራንስፖርት) አረንጓዴ መስመር ባቡር ፌር ፓርክ ድረስ ይወስዳል። ልጆች የማያንሸራትት ጫማ፣ ቅያሪ ካልሲና እርሳስ ይያዙ። አብረውን የሚመጡ ወላጆች በጣም ያስፈልጉናል፤ ስማችሁን ቢሮ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጻፉልን።